ዘበኛ ያለው እሳትና ዘበኛ የሌለው እሳት

(ባለፈው እሁድ ሱሉልታ፣ እኛ ሰፈር እድር አዳራሽ ውስጥ ያወራሁት ነው። ብዙ ሰው ላክልን ስላለኝ እንዳወራሁት ፃፍኩት፣ በሰዓት ምክንያት የዘለልኩትን አንድ ሁለት ነገር ጨምሬበታለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ። በዚህ ብርድ ከቤታችሁ ወጥታችሁ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ። የኅዳር ብርድን ለናንተ አልነግራችሁም፣ ከእንጦጦ ጀርባ የሚኖር ሰው ያውቀዋል፣ ጠዋት ሜዳው በውርጭ ነጭ ሆኖ ነው ሚያድረው። የእድራችን ዳኛ ስለ ጋዝና ስለ ከሰል አንድ ነገር ንገረን ሲሉኝ እሺ ያልኩት በደስታ ነው፣ ምክንያቱን ቆይቼ እነግራችኋለሁ፣ መጀመሪያ ግን ትንሽ ሩቅ አገር ልውሰዳችሁና እመልሳችኋለሁ።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት እኔ አሜሪካ ኮሎራዶ ውስጥ ኦሮራ የምትባል ከዴንቨር የተጣበቀች ከተማ 11 አመት ኖሬያለሁ፣ ሀበሻ የሞላባት ከተማ ናት። ስራዬ ፈርነስ መጠገን ነበር። ፈርነስ ማለት ቤዝመንት ውስጥ ወይ ጋራዥ ጥግ የሚቆም ፍሪጅ የሚያክል የቆርቆሮ ሳጥን ነው፣ ጋዝ ያቃጥላል፣ የሞቀውን አየር በቆርቆሮ ቱቦ ለየክፍሉ ይነፋል። ውጪው ከዜሮ በታች 20 ሲወርድ ይሄ ሳጥን ከቆመ ቤቱ በጥቂት ሰዓት ይበርዳል፣ የውሃ ቧንቧ ሁሉ በረዶ ሆኖ ይፈነዳል፣ ስለዚህ ሌሊት ስምንት ሰዓትም ይሁን ዘጠኝ ሰዓት ስልኬ ይጮሃል፣ ተነስቼ እሄዳለሁ።

እኛ አገር ፈርነስ የለም፣ ታዲያ ምን አገባን ልትሉ ትችላላችሁ። እኔ ያንን ሳጥን 11 አመት ስፈታና ስገጥም የገባኝ አንድ ነገር አለ፣ ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁትም እሱኑ ነው። ፈረንጆቹ እሳትን ቤት ውስጥ ብቻውን አይተዉትም። አንድ እሳት ለማንደድ አምስት ስድስት ዘበኛ ያቆሙበታል። እኛ ቤት ያለው እሳት ግን ማንደጃውም ይሁን ቡታጋዙ ዘበኛ የለውም፣ ዘበኛው እኛ ነን፣ እኛ ደግሞ ማታ እንተኛለን።

እስቲ ዘበኞቹን ላስተዋውቃችሁ። ቤቱ ሲቀዘቅዝ ግድግዳ ላይ ያለው ቴርሞስታት በ24 ቮልት ይጣራል፣ ሙቀት አምጣ ነው ሚለው። እኛ ብንሆን ወዲያው ጋዙን ከፍተን ክብሪት እንጭራለን አይደል? ፈርነስ ግን ጋዙን ገና አይነካውም። መጀመሪያ ኢንዱሰር የሚባል ትንሽ ማራገቢያ ይነሳና እሳቱ ሚነድበትን ክፍል አየር ስቦ በጭስ ማውጫው በኩል ያስወጣል፣ እሳቱ ሳይኖር የጭሱን መውጫ ይጠርጋል ማለት ነው። ከዛ ፕሬዠር ስዊች ትመጣለች፣ በቀጭን ጎማ የተያያዘች የእጅ መዳፍ የምታክል ክብ ነገር ናት፣ ማራገቢያው በደንብ ከሳበ፣ ጭስ ማውጫውም ካልተደፈነ ቀጭ ትላለች። ቀጭ ካላለች እስኪነጋ ብትጠብቁ እሳት አታዩም። ቀጭ ስትል ጋዙን የሚለኩሰው ኢግናይተር እንደ ፍም ይቀላል፣ የጋዙ ቫልቭ የሚከፈተው ያኔ ነው፣ ተከፍቶ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ እሳት ካልታየ ደግሞ ተመልሶ ይዘጋል። እሳቱ ከያዘ በኋላ ግማሽ ደቂቃ ገደማ ይቆይና ትልቁ ብሎወር ተነስቶ ሙቀቱን ያከፋፍላል። ይሄ ሁሉ አልፎም ዘበኛ አለ፣ ሙቀቱ ከልክ ካለፈ ሊሚት ስዊች ይቆርጠዋል፣ እሳቱ ከቦታው ወጥቶ ወደ ፊት ከተላሰ ሮልአውት ስዊች ይቆርጠዋል።

ከነዚህ ሁሉ እኔ ሚገርመኝ እሳት መኖሩን ሚያየው ነው፣ ፍሌም ሴንሰር ይባላል። ወስፌ የምታክል ዘንግ ናት፣ በአንድ ብሎን ትታሰራለች፣ እሳቱ መሃል ትቆማለች። እሳት ኤሌክትሪክ እንደሚያሳልፍ ስንቶቻችን እናውቃለን? ቦርዱ፣ የፈርነሱ አእምሮ ማለት ነው፣ በዘንጓ በኩል ኤሲ፣ ማለትም ወዲህና ወዲያ የሚመላለስ ኤሌክትሪክ፣ ይልካል፣ እሳቱ ግን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው በደንብ ሚያሳልፈው፣ ስለዚህ ዲሲ፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ፣ ሆኖ ይመለሳል፣ ቦርዱ ያንን ሲያይ እሳት አለ ብሎ ቫልቩን ክፍት ይተወዋል። መጠኑ ከ1 እስከ 6 ማይክሮ አምፔር አካባቢ ነው፣ ማይክሮ አምፔር ማለት አንድን አምፔር ሚሊዮን ቦታ ብትቆርሱት አንዷ ቁራሽ ናት። የአንድ ቤተሰብ ሌሊት በሷ ላይ ተንጠልጥሎ ነው ሚያድረው።

ሌሊት ከሚጠሩኝ ጥሪዎች ብዙው የሷ ነበር። ሰውየው በስልክ፣ ፈርነሱ ይነሳል፣ አምስት ስድስት ሰከንድ ይነድና ይጠፋል፣ ደግሞ ይነሳል ይጠፋል፣ ሶስቴ ምናምን ሞክሮ ዝም አለ ካለኝ መንገድ ላይ ሆኜ በሽታውን አውቀዋለሁ። ዘንጓ በአቧራና በሳሙና ዱቄት ብናኝ ተለብዳ እሳቱን ማየት አቅቷታል፣ እንደ ሞራ ያለበት አይን ነው ሚሆንባት። መብራቱን ማጥፋት፣ የጋዙን ቧንቧ መዝጋት፣ እጀታው ከቧንቧው ጋር ተሻግሮ ሲቆም ተዘግቷል ማለት ነው፣ ብሎኗን ፈትቶ ዘንጓን በደቃቅ የብረት ሱፍ ቀስ አድርጎ ማሸት፣ ሻካራ ብርጭቆ ወረቀት አይሆንም ይሞሽራታል፣ ነጩ ሸክላዋ እንዳይሰነጠቅ መጠንቀቅ፣ መልሶ ማሰር፣ በቃ። አስር ደቂቃ አይፈጅም። ከዚህ ቀጥሎ ብዙ ያየሁት ፊልተር ነው፣ ከአንድ እስከ ሶስት ወር መቀየር ያለበት ፊልተር አመት ሙሉ ተቀምጦ እንደ ብርድ ልብስ ወፍሮ አየር ይከለክላል፣ ሳጥኑ ይግላል፣ ሊሚት ስዊቹ ይቆርጣል፣ ሰው ግን ፈርነሴ ተበላሸ ይላል። የፊልተሩ ነገር ሲደጋገም እሳቱን ከቤቱ አየር የሚለየው ብረት እስከ መሰንጠቅ ይደርሳል፣ ያ ሲሆን ጨዋታው ሌላ ነው።

አሁን ግን ሁሌም ትዝ ሚለኝን አንድ ቤት ልንገራችሁ። የሀበሻ ቤተሰብ ናቸው፣ ባልና ሚስት ሁለት ልጆች። ፈርነሱ አልቆመም፣ እንዲያውም በደንብ ይሰራል፣ የጠሩኝ ቤቱ ይሸተናል ብለው ነው። እናትየው ሁላችንም ጉንፋን ይዞናል፣ ሁለት ሳምንት ሆነን አልለቀን አለ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲውሉ ይሻላቸዋል ማታ ይብስባቸዋል አለችኝ። ይሄን ስሰማ ሰውነቴ ደነገጠ። ከቤት ሲወጣ የሚሻል፣ ቤት ሲገባ የሚብስ፣ ሁሉንም በአንዴ የሚይዝ ራስ ምታት ጉንፋን አይደለም። ቦርሳዬ ላይ የሰቀልኳት የካርቦን ሞኖክሳይድ፣ እሳት አየር ሲያጥረው የሚወጣው መርዝ ጋዝ፣ መለኪያ ኮሪደሩ ጋ ሳልደርስ መጮህ ጀመረች። ሁሉንም ውጪ አስወጣኋቸው፣ ልጆቹን በብርድ ልብስ ጠቅልለን መኪና ውስጥ አስቀመጥናቸው፣ እሳት አደጋ ተጠራ። በኋላ ፈርነሱን ስከፍተው ምን አየሁ መሰላችሁ፣ ከኔ በፊት የመጣ ሰው ፕሬዠር ስዊቷ ላይ ጣት የምታክል ቁራጭ ሽቦ አሻግሮ አስሮባታል። ስዊቷ እኮ ደህና ነበረች። ጭስ ማውጫው ላይ ወፍ ጎጆ ሰርታበት ደፍናዋለች፣ ስዊቷ ጭሱ መውጫ የለውም፣ አላነድም እያለች ነበር፣ ሰውየው ግን አፏን አሰረው። ማሽኑ ታዘዘ፣ ነደደ፣ ጭሱም ቤት ገባ።

እዚህ መሃላችን ፖሊቴክኒክ ሚማሩ፣ ነገ ካናዳም አሜሪካም ሄዳችሁ ይሄን ስራ ልትሰሩ የምትችሉ ልጆች አላችሁ፣ ለናንተ እምለው፣ ዘበኛ ሲጮህ ዘበኛውን አታስሩት፣ ምን አይቶ ነው ብላችሁ ሂዱና እዩ። ለምርመራ አንድ ደቂቃ ማገናኘት ያለ ነው፣ ቆማችሁ እያያችሁ፣ ከዛ ሽቦውን ይዛችሁ ትወጣላችሁ። ትታችሁት መሄድ ግን ሰው መግደል ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

እሺ፣ ወደ ሱሉልታ ልመልሳችሁ።

አምና በዚሁ ወር ነው። ከቤቴ ቀጥሎ ያለውን ጅምር ህንፃ ሚጠብቁ አባት አሉ፣ ብዙዎቻችሁ ታውቋቸዋላችሁ፣ ፈቅደውልኝ ነው የምናገረው። ሁሌ ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት ስወጣ ገና የበሩን ድምፅ ሲሰሙ እንዴት አደርክ ልጄ ይሉኛል። የዛን ቀን ዝም አሉ። ሁለቴ አባባ አባባ ብዬ ተጣራሁ። የሚያድሩባትን ጎጆ አይታችኋታል፣ ቆርቆሮ ናት፣ ውስጧን በካርቶንና በማዳበሪያ ከረጢት ለብጠዋታል፣ ንፋስ ሚያስገባውን ስንጥቅ ሁሉ በጨርቅ ወትፈውታል፣ በጣም ንፁህ ስራ ነው የሰሩት፣ ብርድ አያስገባም። በሯን ስከፍት በጋቢ ተጠቅልለው ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል፣ አንገታቸው ወደ ጎን ወድቋል፣ እግራቸው ስር ማንደጃ አለ፣ ላዩ አመድ ለብሷል፣ ውስጡ ይቀላል። ብብታቸው ስር ገብቼ ጎትቼ አወጣኋቸው። ሜዳው ላይ ውርጩ ላይ ነው ያስተኛኋቸው። ትንሽ ቆይተው አቃሰቱ፣ ከዛ አስመለሳቸው። ጎረቤት ተሰብስቦ አንዱ ወተት አምጡ ይላል አንዱ ሎሚ አሽቷቸው ይላል፣ እኔ በባጃጅ ጤና ጣቢያ ወሰድኳቸው፣ ከዛ ኦክስጅን ያለበት ሆስፒታል ላኳቸው። ተርፈዋል፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዛሬም እዚሁ ከኋላ ተቀምጠዋል።

በሶስተኛው ቀን ልጠይቃቸው ሄጄ ያሉኝን ነው ልነግራችሁ ምፈልገው። ልጄ እኔ እኮ ሞኝ አይደለሁም፣ ጭሱ እስኪያልቅ ውጪ አቆይቼ፣ ፍም ሲሆን ነው ያስገባሁት፣ ምንም ጭስ አልነበረውም አሉኝ።

ሁላችንም እንደዚህ ነው ተነግሮን ያደግነው፣ ጭሱ ካለቀ ከሰል ችግር የለውም ተብሎ። እኔም እናቴ ቤት እንደዛ ነበር ምናደርገው። ስለዚህ እባካችሁ እዚች ጋ ልብ ብላችሁ ስሙኝ። የሚገለው ጭሱ አይደለም። ጭስ ያስለቅሳል ያስላል፣ ስለዚህ ተነስታችሁ በር ትከፍታላችሁ፣ ጭስ እንዲያውም ራሱ ዘበኛ ነው። የሚገለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፣ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ አይን አያቃጥልም። ፍሙ ደግሞ የሱ ፋብሪካ ነው። አየር ከስር ይገባል፣ ከታች ያለው ከሰል ተቃጥሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል፣ እሱ በጋለው ፍም መሃል ወደ ላይ ሲያልፍ እንደገና ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለወጣል። ከሰል ሲያያዝ ፍሙ ላይ እየጨፈረች የምትታይ ሰማያዊ ነበልባል አለች አይደል? ቡና ስትቆሉ አይታችኋታል። እሷ ናት ካርቦን ሞኖክሳይዱ ሲቃጠል። እሷ ፍሙ ላይ እያለች ቢያንስ ከፊሉ እየተቃጠለ ነው። ፍሙ በርዶ አመድ ሲለብስ ግን ሰማያዊዋ ትጠፋለች፣ መርዙ ግን አልጠፋም፣ ሳይቃጠል ቀጥ ብሎ ወደ ክፍሉ ይገባል። እኛ አሁን ገና ደህና ሆነ ብለን ወደ መኝታ ቤት ምናስገባው እዛ ሰዓት ላይ ነው።

ሰውነት ውስጥ ሚሰራው ደግሞ፣ ደማችን ይሄን ጋዝ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ነው ሚይዘው። ኦክስጅን ሊሳፈር ሲመጣ ወንበሩ ተይዟል ማለት ነው። መጀመሪያ ግንባርን ይወቅራል፣ ከዛ ማቅለሽለሽ፣ ማዞር፣ ድካም፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት፣ ጉልበት ይከዳል። ብዙ ሰው ገብቶት እንኳን ልነሳ ሲል እግሩ እምቢ ይለዋል፣ አባባም በሩ ታየኝ ግን መነሳት አቃተኝ ነው ያሉኝ። ሰውየው ከወጣ በኋላም ወዲያው አይለቀውም፣ ንፁህ አየር ላይ ሆኖ ግማሹ ከደሙ እስኪወጣ ብቻ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይፈጃል፣ በኦክስጅን ጭንብል ከሆነ ግን ወደ አንድ ሰዓት ከምናምን ይወርዳል፣ ጤና ጣቢያ ኦክስጅን ወዳለበት ሚልካችሁ ለዚህ ነው፣ ወተትም ሎሚም ይሄን አይሰራም። እርጉዝ ከሆነች ደግሞ ሆዷ ውስጥ ያለው ልጅ ከሷ ይበልጥ ነው ሚጎዳው፣ እሷ ደህና ነኝ ብትል እንኳን መታየት አለባት።

ይሄ ያላወቀ ሰው ችግር ብቻ ነው እንዳትሉ። የካቲት 2013፣ በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 2021፣ ቴክሳስ ውስጥ ከባድ በረዶ መጥቶ ለብዙ ሚሊዮን ሰው መብራት ጠፋ። ሰው ቤት ውስጥ ከሰል አነደደ፣ ጀነሬተር አስገባ፣ ጋራዥ ውስጥ መኪና አስነስቶ ሞቀ፣ በዚህ ጋዝ ብዙ ሰው ተጎዳ፣ ከሞቱት ውስጥ የኛው አገር ሰዎችም ነበሩበት። በበቂ የተማረ፣ መኪና ያለው፣ ቤት ያለው ሰው ነው። ብርድ ሲመጣ ሰው እሳት ነው ሚያስበው፣ አየር አያስብም።

አሁን ስለ ከፍታ ትንሽ ላውራ፣ ምክንያቱም እዚህ አገር ማንም ሲያወራው አልሰማሁም። ዴንቨር ከባህር ወለል 1,600 ሜትር ላይ ናት፣ አንድ ማይል ማለት ነው፣ በዚህም ይኮሩበታል። እዛ ስሰራ አዲስ ፈርነስ ስንገጥም ጋዙ ሚወጣባትን የነሐስ ቀዳዳ በጠበበ ቀዳዳ እንቀይር ነበር፣ የቆየው ህግ በየ300 ሜትሩ 4 በመቶ ቀንስ ይላል፣ አየሩ ሳሳ ስለሚል ለዛ ሁሉ ጋዝ ሚበቃ ኦክስጅን የለም። አዲስ አበባ ስንት ናት? 2,350 ሜትር ገደማ። እኛ እዚህ ደግሞ ከሷም ከፍ ብለን ነው ያለነው። ያንን ህግ ለአዲስ አበባ ብታሰሉት ወደ 30 በመቶ ይደርሳል። ከውጪ ሚመጣ የጋዝ ምድጃ ግን ማን ለኛ ከፍታ አስተካክሎ ይልካል? ለባህር ዳርቻ ከተማ እንደተሰራ ነው ሚመጣው። ጋዙ ይበዛል አየሩ ያንሳል፣ እሳቱ ቢጫ ይሆናል፣ ጥላሸት ያመጣል፣ ካርቦን ሞኖክሳይድም ይጨምራል። የዛሬ ማታ የቤት ስራችሁ ይሄ ይሁን፣ የድስታችሁን ቂጥ እዩት። ጥላሸት ከያዘ ምድጃው አየር አጥሮታል። እሳቱ ሰማያዊ ሆኖ ጫፉ የሾለ መሆን አለበት፣ ጨው ወይ አቧራ ሲነካው ብልጭ ምትል ብርቱካናማ ነጠብጣብ ችግር የላትም፣ ቢጫ ሆኖ ሚወዛወዝ ከሆነ ግን ማቃጠያውን አውጥታችሁ እጠቡት፣ ቀዳዳዎቹን በመርፌ አፅዱ፣ ካልተሻለው ባለሙያ ጥሩ።

እዚህ ጋ ዲያስፖራ ዘመድ ያላችሁ ስሙኝ፣ ሰው በኮንቴነር ያማረ ምድጃ ይልካል፣ የአሜሪካ ምድጃ ብዙ ጊዜ ለተፈጥሮ ጋዝ የተሰራ ነው፣ እኛ ሲሊንደር ውስጥ ያለው ደግሞ ሌላ ነው፣ ፕሮፔንና ቡቴን ነው። የተፈጥሮ ጋዙ ቀዳዳ ሰፊ ነው፣ በሱ ላይ ሲሊንደር ብታገናኙ እሳቱ እስከ ቁምሳጥኑ ነው ሚነሳው። ከምድጃው ጋር በትንሽ ፌስታል የታሰሩ የነሐስ ብሎን የሚመስሉ ነገሮች ይመጣሉ፣ እነሱ ናቸው መቀየሪያዎቹ፣ እባካችሁ አትጣሏቸው።

ስለ ሲሊንደር። የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ይከብዳል፣ ፕሮፔን አንድ ተኩል ጊዜ፣ ቡቴን ሁለት ጊዜ ያህል። ካመለጠ ወደ ላይ አይወጣም፣ እንደ ውሃ ወለል ላይ ይፈሳል፣ አልጋ ስር ይገባል፣ ደረጃ ወርዶ ጎረቤት ይሄዳል። ላይኛዋን መስኮት ከፍቼ ነበር ሚል ሰው ለዚህ ነው ሚሸወደው፣ መከፈት ያለበት በሩ ነው። ውስጡ ያለው ፈሳሽ ነው፣ አንድ ሊትሩ ሲወጣ ወደ 270 ሊትር ጋዝ ይሆናል፣ ስለዚህ ሲሊንደር ሁሌም ቀጥ ብሎ ይቁም፣ ጋዙ እያለቀ ነው ብላችሁ በጎኑ አታስተኙት፣ ፍል ውሃም አታፍስሱበት። ደግሞ ጋዙ ራሱ ሽታ የለውም፣ ያቺ የበሰበሰ ነገር ምትሸተው ሆን ተብላ የተጨመረች ናት። በፈረንጆቹ 1937 ቴክሳስ ኒው ለንደን በምትባል ከተማ አንድ ትምህርት ቤት ስር ሽታ የሌለው ጋዝ ተጠራቅሞ ፈንድቶ ወደ 300 የሚጠጉ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ተማሪዎች፣ ሞቱ፣ ጋዝ ላይ ሽታ መጨመር ግዴታ እየሆነ የመጣው ከዛ ወዲህ ነው። ያቺ ሽታ በዛ ሁሉ ህፃን ደም የተገዛች ዘበኛ ናት፣ ስትሸታችሁ ኧረ ትንሽ ነው አትበሉ። ጋዙን ዝጉ፣ በር ክፈቱ፣ መብራት አታብሩ፣ የበራውንም አታጥፉ፣ ማብሪያ ማጥፊያው ራሱ ብልጭታ አለው፣ ውጡና ስልክ ደውሉ፣ ስልኩንም ውጪ ሆናችሁ።

የሻወር ቤት ጋዝ ማሞቂያ ላይ ብዙ አልቆይም፣ ግን ሳልናገር ማለፍ አይሆንልኝም። ለገጣፎ በኩል አንድ ቤት ተጠርቼ ሄጄ፣ ሲሊንደር የሚጠቀመውን ውሃ ማሞቂያ ሻወር ቤት ውስጥ ሰቅለውታል፣ ያውም ያለ ጭስ ማውጫ ቱቦ። ቱቦው ሲታይ አያምርም ተብሎ ነው የተተወው። አስራ ሁለት አመት ልጅ ገላዋን እየታጠበች ወድቃ ነበር፣ ደግነቱ በሩን አልቆለፈችውም። ያ ማሞቂያ ከማንደጃ የሚበልጥ እሳት ነው፣ የልብስ ሳጥን የምታክል ክፍል ውስጥ። ቦታው ከውጪ ግድግዳ ላይ ነው፣ ውስጥ ከሆነ ደግሞ ጭሱ በቱቦ እስከ ውጪ ይውጣ፣ ሻወር ቤትና መኝታ ቤት ግን ፈፅሞ አይሆንም።

ዘበኛ ይገዛል ወይ ላላችሁኝ፣ አዎ ይገዛል። የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርም የሚባል የሳሙና ማስቀመጫ የምታክል ባለ ባትሪ ነገር አለች፣ ከውጪ ለሚመጣ ዘመድ ሽቶና ጫማ ከማዘዛችሁ በፊት እሷን እዘዙ። መኝታ ክፍል አጠገብ፣ በምትተነፍሱበት ከፍታ ስቀሏት፣ ጀርባዋ ላይ የማለቂያ አመቷ ተፅፏል፣ እዩት፣ ሴንሰሯ ያረጃል። ግን እንዳትምታታባችሁ፣ የጭስ አላርም ሌላ ነው፣ የሲሊንደር ጋዝ ሚሸተው አላርም ሌላ ነው፣ እሱ ደግሞ ወለል አጠገብ ነው ሚቀመጠው፣ ቅድም እንዳልኳችሁ ጋዙ ወደ ታች ስለሚሄድ። አንዱ የሌላውን ስራ አይሰራም። አላርሟ ከጮኸች ባትሪዋን አውጥቶ መተኛት የለም፣ ያ የኮሎራዶው ሰውዬ ሽቦ ማለት ነው። ሁሉንም ሰው ይዛችሁ ውጡ፣ ቁጠሩ፣ ከዛ 907 ቀይ መስቀል አምቡላንስ አለ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ከሆናችሁ ደግሞ 939 እሳት አደጋ። ወድቆ ያለ ሰው ካያችሁ ትንፋሻችሁን ይዛችሁ በሩን በርግዳችሁ ጎትቱት እንጂ እዛው ቁጭ ብላችሁ ምን ሆንክ አትበሉት፣ ሁለተኛ ሰው ሚወድቀው እንደዛ ነው።

(እዚህ ጋ ጥያቄ ተከፈተ። አንዲት እናት እጃቸውን አወጡ፣ ልጄ ያልከው ሁሉ ገብቶናል፣ ግን የልጄ ልጅ ዘጠኝ ቀኗ ነው፣ አራስ ቤት ያለ እሳት እንዴት ይሆናል፣ ብርዱስ አይገላትም ወይ አሉኝ። አዳራሹ ሁሉ ዝም አለ፣ እኔም ትንሽ ቆየሁ መልሱን ለመስጠት።)

እማማ፣ ትክክል ነዎት፣ ብርዱም ይገላል፣ እኔ እሳቱን ውሰዱና አራሷ ትንቀጥቀጥ አልልም። መብራት ሲኖር የኤሌክትሪክ ማሞቂያ፣ ከአልጋና ከመጋረጃ ራቅ አድርጎ። መብራት ሲሄድ ደግሞ ገንፎውንም ውሃውንም ማዕድ ቤት ወይ በረንዳ ላይ አፍልታችሁ ሙቀቱን ብቻ ነው ወደ ክፍል ማስገባት ያለባችሁ፣ እሳቱን አይደለም። የፍል ውሃ ጎማ ካለ ጥሩ፣ ከሌለ ክዳኑ ማያፈስ ጠንካራ እቃ በፎጣ ሁለት ሶስቴ ተጠቅልሎ እናቲቱ እግር ስር፣ ህፃኗን እንዳይነካት። ህፃኗ ራቁቷን እናቷ ደረት ላይ፣ ቆዳ ለቆዳ፣ ላያቸው ላይ ጋቢ ደርቡ፣ ራሷ ላይ ኮፍያ፣ ከዚህ የሚበልጥ ማሞቂያ እኔ አላየሁም። ቀን ቀን መጋረጃውን ገልጣችሁ ፀሐይ ይግባ፣ አስር ሰዓት ሲሆን ዝጉት። ለቡናውና ለዕጣኑ ከሆነ ውጪ ይፈላና እሷ ጋ ስኒው ይግባላት፣ የዕጣኑ ሽታ እኮ ከሰሉን ይሸፍነዋል እንጂ አያጠፋውም። ደግሞ ዛሬ ማታ መጥቼ ክፍሉን በመለኪያዬ አይልዎታለሁ፣ ቤትዎ ከወፍጮ ቤቱ በታች አይደለም? እመጣለሁ።

በሉ አሁን ፀሐይዋ ሳትጠልቅ ውጪ እንውጣ። አጥሩ ጋ ሲሊንደር ከነጎማው አቁሜያለሁ፣ ባልዲው ውስጥ የሳሙና ውሃ አለ። ሬጉሌተሩ መጋጠሚያ ላይ፣ የጎማው ሁለት ጫፍ ላይ በጨርቅ ትቀባላችሁ፣ አረፋ ከነፋ ያፈሳል፣ ክብሪት ማንም አያወጣም። ጎማውን ስታጥፉት ከተሰነጣጠቀ መቀየር አለበት፣ ላዩ ላይ አመተ ምህረት ከተፃፈ አንብቡልኝ። አንዱ መጋጠሚያ ላይ ሆን ብዬ ትንሽ አላልቼዋለሁ፣ የትኛው እንደሆነ አልነግራችሁም፣ እናንተ አግኙት።